ወንድሜን ላመጣ ሐረር የሄድኩ ጊዜ

ያኔ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ነበር የቀረኝ። ዕድሜዬን የማነሳው በዚያ ዕድሜዬ ከአዳማ ወዲያ አልፌ ስለማላውቅ ነው። አሰላ ተወልጄ፣ አሰላ አግብቼ፣ አሰላ ባሌን ቀብሬ፣ ልጆቼንም ከዚያው ሸኝቼ፣ ቤቱ እኔንና ድመቷን ብቻ ይዞ ቀርቶ ነበር። ሬዲዮ የምከፍተው ዜና ለመስማት ሳይሆን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በቀለ በወጣትነቱ አስተማሪ ሆኖ ሐረር ተመደበና እዚያው ቀረ። የሐረር ልጅ አገባ፤ አስናቀችን። ልጅ አልወለዱም። አስናቀች ከዚህ ጉዞ በፊት በነበረው ዓመት ስታርፍ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት «ደህና ነኝ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ወሬ የሚወድ ሰው በአንድ ቃል ሲመልስ ያስፈራል። እኔም የኋላ ክፍሌን ኖራ አስቀባሁ፣ አልጋ አስገባሁና «ልወስድህ እመጣለሁ» አልኩት። «መምጣቱን ነይ» አለኝ። እሺ አላለም፤ እኔ ግን እሺ እንዳለ ቆጠርኩት።

መንገዱን ከመጀመሬ በፊት ስለ አንድ ግጥም ልንገራችሁ፤ አለዚያ ኋላ የምተርክላችሁ ነገር ግማሹ ይጠፋባችኋል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በልጅነቴ ጋሼ ለእረፍት ሲመጣ ጥቂት ፊደል አሳየኝ፤ የቀረውን ራሴ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ለቀምኩት። እሱ ደግሞ የጥንት ሮማውያንን የአማልክት ግጥም ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበበ በአማርኛ ይተርክልኝ ነበር። በዚያ ግጥም ውስጥ ማንም በነበረበት አይቀርም። አንዷ ሸረሪት ትሆናለች፣ አንዱ ወፍ ይሆናል፣ አንዷ ምንጭ ሆና ትፈሳለች። «ለምንድነው የሚለወጡት?» ስለው «መኖሩም መሞቱም ሲያቅታቸው ነው» ይለኝ ነበር። ልጅ ነበርኩና አልገባኝም። ተረቱን ግን አንዱንም አልረሳሁም፤ ለልጆቼም፣ ለማኅበር ሴቶችም፣ ሰው ሲጠፋ ለድመቷም ስነግር ኖሬያለሁ።

ሐሙስ፤ ከአሰላ እስከ አሰበ ተፈሪ

አሰላ በማለዳ ብርዱ አጥንት ይበሳል። ጋቢዬን ደርቤ በሚኒባስ አዳማ ወረድኩና የሐረርን አውቶቡስ ያዝኩ። ወለንጪቲን ስናልፍ ሙቀቱ መጣ። መተሐራ ላይ ሐይቁ መንገዱ ሥር ድረስ መጥቶ ተኝቷል፤ ዙሪያው የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ነው። እኛ አገር ውሃ ያለበት ሁሉ ይለመልማል። እዚህ ውሃውም ድንጋዩም እኩል ደረቅ መሰሉኝ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ ጋቢዬን አይቶ «እናታችን፣ ይሄን የያዙት ለግመሎቹ ነው?» አለኝ። አውቶቡሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ሴት አዋሽን ሳንሻገር እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እግሬ ደነዘዘ፣ ትከሻዬ ዛለ፤ አልተነቃነቅሁም። ትከሻዬ ላይ ሰው ከተኛ ስንት ዘመኑ። ሚኤሶ ስትነቃ አፏን ጠርጋ፣ ዕቃዋን አንስታ፣ ምንም ሳትል ወረደች። ቦታዋ ሐረር እስክንገባ ባዶ ቀረ።

ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣው ዳገት ላይ አውቶቡሱ ተበላሸ። ሾፌሩና ረዳቱ ሥሩ ገብተው ሲደበድቡ፣ ሲፈቱ፣ ሲገጥሙ ቆይተው ከተማው የደረስነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። «እዚሁ አድረን ጠዋት እንቀጥላለን» ተባለ። ተሳፋሪው ሁሉ ተሯሩጦ አልጋ ያዘ። እኔ በደነዘዘው እግሬ እያነከስኩ ስደርስ የሆቴሉ ባለቤት፣ ደልደል ያለች ሴትዮ፣ «አልጋ አልቋል» አለችኝ። ከዚያ አየችኝና «ብቻዎን ነዎት?» አለች።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ያድራሉ። ልጄ አዲስ አበባ ናት፣ አልጋዋ ባዶ ነው።»

ትኩስ ሽሮ አቀረበችልኝ፣ እግሬን የምነክርበት ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። እኔም የምመልስላት ስላልነበረኝ ተረት ነገርኳት። ሁለት አማልክት መንገደኛ መስለው በአንድ አገር ሺህ በር አንኳኩ፤ ሺሁም ተዘጋባቸው። በመጨረሻ አንዲት የሣር ጎጆ ተከፈተችላቸው፤ ውስጧ ድሃ ሽማግሌና አሮጊት ሚስቱ ነበሩ። እሷ እሳቱን እፍ እፍ ብላ አቀጣጠለች፣ እሱ ከጓሮ ጎመን ቆርጦ መጣ። ገበታቸው አንድ እግሩ አጭር ሆኖ ስለሚወላገድ የሸክላ ስባሪ ከሥሩ አስገቡ። የወይኑ ማሰሮ ቢቀዳ ቢቀዳ አልጎድል ሲል እንግዶቹ ተራ ሰዎች እንዳልሆኑ ገባቸውና ደነገጡ። ያለቻቸውን አንዲት ዝይ ሊያርዱ ተነሱ። ዝይ ማለት ከዳክዬ ተለቅ ያለች ወፍ ናት። ዝይዋ ሽማግሎቹን አሯሩጣ አሯሩጣ አማልክቱ እግር ሥር ገባች፤ እነሱም «ተዋት፣ አትታረድ» አሉ። ከዚያ በሩን የዘጋውን አገር ሁሉ ውሃ ዋጠው፤ ያቺ ጎጆ ብቻ ቤተ መቅደስ ሆና ቀረች። «ምን እናድርግላችሁ?» ሲሏቸው ባልና ሚስቱ «በአንድ ጊዜ እንሙት፤ አንዳችን የአንዳችንን መቃብር አንይ» ብለው ለመኑ። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲያወሩ እሷ እሱ ላይ፣ እሱ እሷ ላይ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ አዩ። «ደህና ሁን»፣ «ደህና ሁኚ» ተባባሉ፤ ልጡ አፋቸውን ሸፈነው። ጎን ለጎን ሁለት ዛፍ ሆነው ቀሩ።

ሴትዮዋ እግሬን የነከርኩበትን ውሃ ደፍታ ተመለሰች። ከዚያ «አማልክት ከሆኑ ለምን አስቀድመው አይደውሉም?» አለች።

«ያን ጊዜ ስልክ የለማ።»

«ቢኖርም አይነሳላቸውም ነበር።»

ልክ ነበረች። ከመተኛቴ በፊት ለጋሼ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ዓርብ፤ ሐረር

ጠዋት ሴትዮዋ ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ሰጥታኝ ተለያየን። መንገዱ ተራራ ለተራራ ይሄዳል። ሂርናን፣ ቁልቢን አለፍን። ዓለማያ ሐይቅ ነው ሲሉኝ የኖሩት ሰፊ ሜዳ ሆኖ ከብት ሲግጥበት አየሁ። ውሃም ይለወጣል አልኩ በልቤ። አወዳይ ላይ የጫት ሸክም መንገዱን ሞልቶት ቆምን፣ ሄድን፣ ቆምን። ሐረር ስደርስ ስልኩ አሁንም ዝግ ነው።

የማውቀው ነገር ቢኖር ጋሼ ጁገል ውስጥ፣ ማለት በግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌ ከተማ፣ ከአንድ የአዋች ዛፍ አጠገብ እንደሚኖር ነው። አዋች የሚሏቸው ጥንት ያረፉ የእስልምና አባቶች ናቸው፤ መቃብራቸው ላይ ትልልቅ ዛፍ ይበቅላል፣ ያንን ዛፍ ማንም አይቆርጠውም። ለባጃጁ ሾፌር ይህንኑ ብነግረው ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ ጁገል ውስጥ አዋች የሌለበት ሰፈር የለም እኮ። የትኛው ዛፍ?»

«ትልቁ።»

«ሁሉም ትልቅ ነው አቦ።»

በሩ አፍ ላይ አወረደኝና በእግሬ ገባሁ። መንገዱ እንደ ጉድጓድ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ኖራ የተቀባ ግንብ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። እኛ አሰላ የሰው በር ስታንኳኩ መጀመሪያ የሚመልስላችሁ ውሻ ነው፤ ከዚያ «ማነው?» ይባላል፤ ከዚያ ነው ሰው የሚመጣው። እዚህ በሩ ቀን አይዘጋም። «ቲቸር በቀለን ታውቃላችሁ?» ብዬ አንገቴን ሳስገባ «ነይ፣ ግቢ፣ ቁጭ በዪ» ይሉኛል። አዋቂውንም ልጁንም አንተ፣ አንቺ ነው የሚሉት። እኛ ጋ ነውር ነው፤ እዚህ ግን ከእናቴ ሞት በኋላ ከጋሼ በቀር «አንቺ» የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ሞቀኝ።

አንዱ ቤት ሻይ፣ አንዱ ቤት ሐልዋ የሚሉት ጣፋጭ፣ አንዱ ቤት ለውዝ። ጾም ላይ መሆኔንም ክርስቲያን መሆኔንም ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። «ዓርብ አይደል፣ ወተት የለበትም» ይሉኛል ሳልጠይቅ። ጫማ ደጃፍ ላይ ይወለቃልና አውልቄ እገባለሁ፣ ወጥቼ አጠልቃለሁ። ብዙ በር ካለፍኩ በኋላ ቀኝ እግሬን አንዳች ነገር ጠበበኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግራው የእኔ ጥቁር ጫማ ነው፤ ቀኙም ጥቁር ነው፣ የእኔ ግን አይደለም። ከየትኛው ደጃፍ እንዳነሳሁት አላውቅም። እያነከስኩ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ሥሩ ነጭ መቃብር ያቀፈ ዛፍ አጠገብ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ሻርፗን እያስተካከለች፣ ከበሯ ላይ አየችኝ።

«የቲቸር እህት ነሽ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በአፍንጫሽ። ግቢ።»

ረምላ ትባላለች፤ የጋሼ የግንብ ጎረቤት ናት። የእሱን በር አሳየችኝ። ሰማያዊ በር ነው፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። መንደሩ ሁሉ ክፍት ሆኖ እሱ ብቻ ተዘግቷል።

«ትናንት ጠዋት ወጣ» አለች ረምላ። «ወዴት ስለው ‹መጣሁ› አለኝ። አልመጣም።»

የምመጣበትን ቀን ያውቃል። ሸሸኝ አልኩ። ልወስደው እንደመጣሁ አውቆ ሸሸኝ። የዚያ ግጥም አማልክት ሺህ በር ተዘግቶባቸው አንድ ተከፈተላቸው፤ እኔ የደረስኩበት በር ሁሉ ተከፍቶልኝ የተዘጋብኝ የገዛ ወንድሜ በር ነው። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ረምላ አልከለከለችኝም። ሳበቃ «ጫማሽ የማን ነው?» አለችኝ።

የረምላ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ከፍ ያለ መቀመጫ አለው፣ ነደባ ይሉታል፣ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሮበታል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። በሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ላይ አረፍ ስል ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አለች። የአስናቀች ቦታ ነበር።

ከግድግዳው ላይ አንድ ድስት አወረደች። «ይሄ የቲቸር ቤት ድስት ነው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። አስኑን ካወቅኋት ጀምሮ ለእነሱ የምሠራው በዚህ ነው።» አብሽና ምስር አበሰለችልኝ። እየበላሁ ግቢዋን ከጋሼ ግቢ ወደሚለየው ግንብ ጠቆመችኝ። እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዕቃ የሚቀባበልባት። «በዚች ነበር እኔና አስኑ ሳህን የምንለዋወጠው። እኔ ሙሸበክ፣ የእኛን ጣፋጭ፣ ስልክ እሷ ሳህኑን በዳቦ ሞልታ ትመልሳለች። እኛ ጋ ሳህን ባዶውን አይመለስም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ከሞተች በኋላም እልክለት ነበር። አንድ ቀን እጄን ስሰድ ድንጋይ ነካሁ። ደፍኗታል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የሥጋ መረቅ የነካው ነገር ልኬለት ይሆን እላለሁ። ወላሂ በዚህ ድስት ነው የሠራሁት። ግን ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ እጄ ተሳስቶ ይሆናል። በሃይማኖቱ ገብቼበት ይሆናል። እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

ድስቱን አጥባ ወደ ቦታው ሰቀለችው። ለማን እንደምትሰቅለው አላውቅም።

ቅዳሜ

ጠዋት አንዲት ልጃገረድ ጫማዬን ይዛ መጣች። «ያቺ የቲቸር እህት ረምላ ጋ ናት ብለውኝ ነው» አለች፤ የእናቷን ጫማ ወስዳ ሄደች። በአንድ ሌሊት ጫማዬም እኔም የት እንዳለን ጁገል ሙሉ አውቋል። የማያውቀው ወንድሜ ብቻ ነው።

ረምላ ገበያ፣ ጊደር መጋላ ወሰደችኝ። እህሉ፣ ቅመሙ፣ ድስቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። የእኛን ገብስ የሚመስል አየሁና አንስቼ አሸተትኩት፤ ቤቴ ትዝ አለኝ። ቤቴ ትዝ ሲለኝ ደግሞ የታየኝ ያ አዲስ የተቀባ ባዶ ክፍል ነው። ቶሎ እንመለስ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጋሼ ደጁ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። በአንድ እጁ ጎመን የተሞላ ጆንያ፣ በሌላው እግሯን የታሰረች ቀይ ዶሮ ይዟል።

«ደረስሽ እንዴ ዘኑ?» አለኝ፣ በየቀኑ የምመጣ ይመስል።

«የት ነበርክ ጋሼ?»

«ድሬ ጠያራ። የድሮ ተማሪዬ እዚያ እርሻ አለው። አንቺን በባዶ ቤት ልቀበል? በዚያው ቀን ልመለስ ነበር፣ መኪና ጠፋ፣ ስልኬም ሞተ።»

አንገቱን ስይዘው ዶሮዋ መሃላችን ተንጫጫች። ረምላ ከኋላዬ ቆማ ሰላም አለችው፤ እሱም መሬት እያየ መለሰላት። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች።

ቤቱ ተጠርጓል፤ ዕቃው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ወንበር። ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ በነጠላ የተሸፈነ ቁልል ነገር አየሁ። ገለጥኩት፤ ሳህን ነው። የአበባ ሥዕል ያለው፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ የቆርቆሮ፣ የሸክላ፣ ሁሉም ታጥቦ ተደርድሯል።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የረምላ ነው። ጥቂቱ የሌሎች ጎረቤቶች።» ሊሸፍነው ነጠላውን አነሳ፣ ተወው። «ባዶውን አይመለስም። የምትሞላው እሷ ነበረች። እኔ ምን ላድርግበት? ዳቦ አልጋግር። አንድ ጊዜ ከሱቅ ብስኩት ገዝቼ ልሞላው አስቤ አፈርኩ። በነጋ ቁጥር ሌላ ሳህን ይመጣል። በመጨረሻ ደፈንኳት።»

«ረምላ ሥጋ አበላሁት ብላ ነው የምታስበው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን? ረምላ?»

«አንድ ዓመት ሙሉ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ያ ሽማግሌ ጎመኑን የቆረጠው እሳቱን የምትነፋ ስለነበረች ነው» አለ። የትኛውን ሽማግሌ እንደሚል ገባኝ።

እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሰን የአስናቀች መቃብር ላይ ቆምን። ጋሼ አቧራውን በመሐረቡ ጠረገ።

ቤት ስንመለስ «ዶሮ ወጥ እንሠራለን፣ አንቺ ታሳዪኛለሽ እንጂ እጅሽን አታስገቢም» አለኝ። ረምላን እንጥራት አልኩት። «ዶሮ በእኔ እጅ ታርዶ እሷ ትበላለች? ተይ እንጂ።» እውነቱን ነው። እሱ ካረደ እሷ አትበላም፣ እሷ ካሳረደች እሱ አይበላም። ከድሮም የሁለቱ ቤት ሳህን ጎመንና ዳቦ፣ ሐልዋና ለውዝ ብቻ የሚሻገርበት ለዚህ ነበር።

ቢላውን ስሎ ገመዱን ሲፈታ ዶሮዋ አመለጠች። ግቢውን ሁለቴ ዞረች፣ በበሩ ወጣች። እሱ ቢላ ይዞ፣ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ተከተልናት። የሁለት ሽማግሎች ሩጫ ምን ሩጫ ነው። አንድ አዛውንት ከደጃቸው ሆነው «ቲቸር፣ በቀኝ ያዛት፣ በቀኝ» ይላሉ፤ ራሳቸው ግን አይነሱም። ሴቶች በሳቅ ግንብ ተደግፈዋል። ዶሮዋ ዘላ ረምላ ቤት ገባች። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ረምላ በዚያ በአስናቀች ቦታ ተቀምጣ እህል ትለቅማለች፤ ዶሮዋ ቀሚሷ ሥር ገብታ ራሷን ብቻ አውጥታለች።

ጋሼ ቢላውን ወደ ኋላው ደበቀ። እኔና እሱ ተያየን። ያን ግጥም በልጅነቴ የነገረኝ እሱ ነው።

«ተዋት» አለች ረምላ። «ጎመን ይዘህ መጥተህ የለ? ጎመን ከሆነ እኔም እበላለሁ።»

ጋሼ ትንፋሹን እየሰበሰበ «‹ነይ አላልከኝም› ልትይኝ ነው» አለ።

«ዓመት ሙሉ የት ጠራኸኝ?»

ጋሼ «ነይ» አለ።

ጎመኑን ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ቀቀለ። እሳቱን እፍ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልከለከለኝም። ረምላ ድስቷን ይዛ መጣች፤ ያን ድስት። ሳህኖቹን ከጠረጴዛው አንስተን መሬት ላይ ስንደረድር አየቻቸው፣ አንድ በአንድ አወቀቻቸው።

«ቲቸር፣ ሱቅ ልትከፍት ነው?»

«የምሞላበት አጣሁ» አላት። «ሌላ ነገር አልነበረም ረምላ። ሥጋም አልነበረም።»

ረምላ ሻርፗን አስተካከለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ «ይሄ ጎመን ጨው የለውም» አለች።

ጠረጴዛው ስንደገፈው አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዱ እግር ሥር የስኒ ስባሪ ገብቷል። ተረቱን አስቦ ያስገባው ይሁን፣ ጠረጴዛው ተወላግዶበት ያደረገው ይሁን፣ አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሰኞ፤ መመለስ

አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ያ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሥሩ መቃብሩን እንደ ጣት ይዞታል። የመጣሁበትን ነገር ያን ጊዜ ነው ያነሳሁት።

«ጋሼ፣ በዚያ ግጥም ዛፍ መሆን ሽልማት ነው ቅጣት?»

«ሁለቱም አለ። ከሚያሳድዳት ሸሽታ ዛፍ የሆነች ልጅ አለች፤ ለእሷ መዳኛ ነው። ወንድማቸውን ሲያለቅሱ ዛፍ የሆኑ እህቶችም አሉ፤ እንባቸው ሙጫ ሆኖ ቀረ።»

«እኔ የምፈራው እሱን ነው። ክፍሉን አስቀብቼልሃለሁ። አልጋው ተነጥፏል።»

ጋሼ ቅጠል አንስቶ በጣቶቹ አሸው። «ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ ጊዜ ነው ዛፍ የሆኑት። ገጣሚው አንዱ ቀድሞ ቢሆንስ አይልም። ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ አይልም። ስንት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም።»

«እኔ ጋ ሆነህ አስበው።»

«የሰው ሳህን ይዤ አገር አልለቅም ዘኑ።»

«ሳህኑን መልሰህ ና።»

«እሺ። መልሼ እመጣለሁ።»

ረምላ ለውዝ ቋጥራ ሰጠችኝ። ዶሮዋ ግቢዋ ውስጥ ትጭራለች። በዚያው በሮማውያን ግጥም ውስጥ ሚስቱን ከሙታን አገር ሲያወጣ ዞሮ በማየቱ ያጣት ሰው አለ፤ ጠባቡ መንገድ መታጠፊያ ላይ ስደርስ እሱን አሰብኩና አንገቴ ደረቀ። ዞር አልኩ። ጋሼ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ነበር፣ እጁን አነሳልኝ።

መመለሻው ላይ ከጎኔ ማንም አልተቀመጠም። አሰላ ስደርስ ይዘንብ ነበር። ቤቱን ከፈትኩ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ። የኋላውን ክፍል በር ግን ዘግቼው አላደርኩም።

ጋሼ እስካሁን አልመጣም። ረምላ በስልክ እንደነገረችኝ፣ እኔ በሄድኩ በሳምንቱ ድንጋዩን ከቀዳዳዋ አወጣ። ከዚያ ጠርዙ የተሸረፈውን ሳህን ጎመን ሞልቶ በቀዳዳዋ አሳለፈላት። ጨው በዝቶበት ነበር አለችኝ። በልታ፣ ሳህኑን አጥባ፣ በማግስቱ ሐልዋ ሞልታ መለሰችለት።